ኩላንት ያላየ የድሮ ሞተር፦ የዛገ ውሃ፣ የወለቀ ቴርሞስታት፣ ከየት ይጀመራል?

ዲኤክስ_ደሴ፦

ሰላም ለዚህ ቤት፣ ጀማው እንዴት ናችሁ?

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ኬኢ70፣ ሞተሯ 4ኬ። ራዲያተሩ የድሮው የነሐስ ነው። እስካሁን የሚገባላት የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ይጎድላል፣ ይሞላል። አሁን ክዳኑ ሲከፈት ውሃው ቀይ ቡናማ ነው፣ ከራዲያተሩ አፍ ሥር ጣት ሲገባ ጭቃ ይወጣል። ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘው ቫልቭ) የላትም፣ ድሮ ነው የወለቀው። ደሴ ውስጥ ስትዞር ደህና ናት፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ይጠጋል።

ኩላንት (ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሞተሩን ከዝገትና ከመፍላት የሚጠብቀውን ፈሳሽ) ልጀምርላት ነው። ግራ የገባኝ፦ ዝገቱን ሳጥብ የደፈነውን ቀዳዳ ከፍቼ ማፍሰስ አስጀምራለሁ ወይ? አረንጓዴው ነው ቀዩ? ምን ያህል ኩላንት፣ ምን ያህል ውሃ? ቴርሞስታቱስ ይመለስ ወይስ ይቅር? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ገራዶ77፦

ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ 4ኬ ቶሎ እጅ የሚሰጥ ሞተር አይደለም።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ይታወቅ። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ብረት ነው፣ ቴስታታው (በላዩ የሚቀመጠው ራስ) አሉሚኒየም፣ ራዲያተሩ መዳብና ነሐስ፣ መጋጠሚያው ደግሞ እርሳስ ያለበት ብየዳ። እነዚህ ሁሉ አንድ ውሃ ውስጥ ተነክረው ነው የሚኖሩት። ውሃው ማዕድን ከበዛበት ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ያን ጊዜ ደካማው ብረት ለጠንካራው ይበላል። እዚህ ደካማው አሉሚኒየም ነው። ከራዲያተሩ የሟሟ መዳብ ሄዶ ቴስታታው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ነጥብ ነጥብ እያለ ይቦረቡረዋል። የምታየው ቀይ ቀለም የብሎኩ ዝገት ነው፤ እሱ ያስደነግጣል እንጂ ቶሎ አይገድልም። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚወጣው ቴስታታ ሲወርድ ነው፦ በጋስኬቱ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ባለው ማሸጊያ) ዙሪያ ያሉት የውሃ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ተበልቶ ወደ ሲሊንደሩ ቀለበት ተጠግተው ይገኛሉ።

ስለዚህ ኩላንት ገዝተህ አትሩጥ። «በየሳምንቱ ትንሽ ይጎድላል» ያልካት ነገር ናት ዋናዋ። ሳይከፈት የሚኖር ሲስተም ውስጥ ውሃው የያዘውን ኦክስጅን ከጨረሰ በኋላ ዝገቱ ራሱ ይዳከማል። በየሳምንቱ የሚሞላ ሞተር ግን በየሳምንቱ አዲስ ኦክስጅንና አዲስ ማዕድን ይቀበላል። ከዚያም ውሃው ጎድሎ የቆየበት የላይኛው ክፍል አየርና እንፋሎት ሲፈራረቁበት ከሁሉም በላይ ይዝጋል። የሚጎድለው ሳይገኝ ኩላንት ብትሞላ ገንዘብህን አስፋልት ላይ ማንጠባጠብ ነው።

የሚጎድልበትን እንዲህ ፈልግ። ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፍ፣ ጠዋት ነጠብጣቡ የት እንዳለ እይ። የውሃ ፖምፑ ዘንግ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከሷ የደረቀ ነጭ ወይም ዝገታም መስመር ከወረደ የፖምፑ ሲል (ውሃ እንዳይወጣ የሚዘጋው) አልቋል ማለት ነው። ሁሉንም ማኒኮቶ (የውሃውን የጎማ ቱቦ) ጫፉ ላይ ጨመቅ አድርግ፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ስፖንጅ የላላ ካለ ይቀየር፣ ፋሼታውም (ማጥበቂያ ቀለበቱም) አብሮ። በብሎኩ ጎን የተመቱትን ክብ የቆርቆሮ ታፖዎች (መድፈኛዎች) እይ፣ እነሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበሱት፤ ከጀርባ ያለው ማርሽ ሳጥኑ ደብቆት ስለማይታይ ይረሳል። ውጭ ምንም ካልተገኘ፣ ሞተሩ በርዶ ክዳኑን ክፈትና አስነሳ። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቴስታታ ጋስኬት ነው፤ የጭስ ጋዝ ውሃው ውስጥ ከገባ ደግሞ ውሃውን አሲድ ስለሚያደርገው የትኛውም ኩላንት አይቋቋመውም። መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

ጠብታው ከተዘጋ በኋላ እጠብ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ የሂተሩ ማንሻ ወደ ሙቅ ይዞር። ከራዲያተሩ ግርጌ ክፈት፣ ከዚያ ደግሞ በብሎኩ ጎን ያለውን መፍሰሻ ብሎን ፍታ። ይኼን ብሎን ብዙ ሰው አይነካውም፣ ጭቃው የሚተኛው ግን እዚያ ነው። ብሎኑ ወጥቶ ውሃ ካልወረደ በወፍራም ሽቦ ጎርጉረው። የወጣውን ሁሉ በጀሪካን ለካ፣ ቁጥሩ በኋላ ያስፈልግሃል። ንጹህ ውሃ ሞልተህ እስኪሞቅ 10 ደቂቃ አስነሳ፣ አብርደህ አፍስስ፣ ጠርቶ እስኪወርድ ድገም። ቴርሞስታቱ መውለቁ የጠቀመህ ለዚች ሥራ ብቻ ነው።

ዝገቱ ግትር ከሆነ ሲትሪክ አሲድ፣ በሊትር 25 ግራም፣ በሙቅ ውሃ አስቀድሞ ተሟሙቶ። ግማሽ ሰዓት ሞቆ ይሥራ፣ ይፍሰስ፣ በውሃ ይታጠብ፤ ቀጥሎ በሙሉ ውሃው 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ለ5 ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹህ ውሃ። በረኪና በፍጹም አይገባም፣ ክሎሪኑ አሉሚኒየም ይበሳል። የባትሪ አሲድ የሚያስገቡም አሉ፤ አላህ ይጠብቃቸው። ጠብታ ይዘጋል ተብሎ የሚጨመረውን እንቁላልና ቁንዶ በርበሬ ለምግብ ተወው።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሒሳብ አለ። ለስሌት ሲስተሙ 5 ሊትር ተኩል ይይዛል እንበል፣ ትክክለኛውን ከማንዋሉ ውሰድ። ካጠብክ በኋላ 4 ሊትር ከወጣ፣ 1 ሊትር ተኩል ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ግማሽ በግማሽ ከፈለግክ መጀመሪያ 2.75 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት አስገባ፣ የቀረውን 1.25 ሊትር በተጣራ ውሃ ሙላ። ተበርዞ የሚሸጠውን ብትሞላ ግን ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። የብሎኩን ብሎን ሳትፈታ 3 ሊትር ብቻ ካወጣህ 27 በመቶ ላይ ትቀራለህ፣ ያ ደግሞ ከዝገት ለመጠበቅ አነስተኛ ከሚባለው ከ33 በመቶ በታች ነው። «ኩላንት ሞልቼ ዛገብኝ» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ከ60 በመቶ በላይም አታብዛ፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል።

ራዲያተር_ኮምቦልቻ፦

ገራዶ ያለው ትክክል ነው፣ ሲትሪክ አሲዱ ላይ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ ለዚህ ራዲያተር። ጣት ሲገባ ጭቃ የሚወጣው ራዲያተር ቱቦዎቹ ግማሹ ተደፍነዋል። አሲዱ የሚያልፈው በተከፈተው ቱቦ ነው፣ የተደፈነውን አይደርስበትም፤ ከብሎኩ የፈታውንም ዝገት አምጥቶ እዚያው ያከማቻል። የነሐስ ራዲያተር ጥቅሙ መፈታቱ ነው። ይውረድ፣ ራዲያተር ቤት የላይኛውና የታችኛው ታንክ ብየዳው ይቅለጥ፣ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በቀጭን ዘንግ ይጠረጉ፣ ተበይዶ በአየር ግፊት ውሃ ውስጥ ይሞከር። ብሎኩን ራዲያተሩ በሌለበት ለብቻው እጠበው። «የደፈነውን ቀዳዳ ከፍቼ ማፍሰስ አስጀምራለሁ ወይ» ላልከው፦ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ግን ድሮም ነበረ። ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ይሻላል ወይስ ሐረጎ ወገብ ላይ?

መደፈኑን ሳታወርድ ማወቅ ከፈለግክ፣ ሞቃ ከቆመችና ከጠፋች በኋላ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍህ ዳብስ። ከሌላው ቀዝቅዞ የሚገኝ ቦታ ካለ ውሃ አያልፍበትም።

ስለ ቀለም፦ ቀለም ማቅለሚያ ነው፣ ደረጃ አይደለም። የሚታየው የዕቃው ጀርባ ነው። ኤኤስቲኤም ዲ 3306 ወይም የጃፓኑ ጄአይኤስ ኬ 2234 የሚል ይኑርበት፣ መሠረቱ ኤትሊን ግላይኮል ይሁን። ለዲኤክስ ዓይነቱ ነሐስ ራዲያተር የተለመደው አሮጌው ዓይነት፣ በየ2 ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየረው፣ ይስማማዋል። «5 ዓመት ይቆያል» የሚሉት ኦርጋኒክ አሲድ ብቻ ያላቸው ኩላንቶች ለአዲሶቹ አሉሚኒየም ራዲያተሮች ተሠርተው የወጡ ናቸው፤ የእርሳስ ብየዳ ላይ በተለይ ውሃው ሲጎድል ጠባያቸው ጥሩ አይደለም። የቶዮታ ቀዩ ለቶዮታ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም የ2 ዓመት ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው ረጅም ዕድሜ የሚባለው ሌላ ነው፣ አትቀላቅላቸው። ሁለት ዓይነት ሲደባለቅ አንዳንዴ ይረጋል፣ ባይረጋም ዕድሜው ወደ አጭሩ ይወርዳል።

ቀለም የተነከረ ውሃ እየተሸጠ ስለሆነ አንዲት ፍተሻ ልንገርህ። ያልተበረዘ ኩላንት ከውሃ ይከብዳል። በትክክል 1 ሊትር ለክተህ ሚዛን ላይ አድርገው፣ የዕቃውን ክብደት ቀንስ። 1.1 ኪሎ ትንሽ ካለፈ ደህና ነው፤ ተበርዞ የሚሸጠው 1.07 አካባቢ ይመዝናል። ልክ 1 ኪሎ ከሆነ ባለ ሱቁ የሸጠልህ የቧንቧ ውሃ ነው። ክብደቱ ልክ መሆኑ ብቻውን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፣ ሐሰተኛነቱን ግን ቶሎ ያጋልጣል።

እቴ_ሐይቅ፦

ኩላንቱን አላችሁ፣ ውሃውን ማንም አላነሳም። ግማሹ እኮ ውሃ ነው።

የኛ አካባቢ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከሥሩ የሚወጣው የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ባይካርቦኔት ይዞ ነው የሚወጣው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ግርጌ የተጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሞተር ውስጥም የሚጋገረው በጣም ሞቃት በሆነው ቦታ፣ ማለትም ቴስታታው ውስጥ በጭስ መውጫ ቫልቮች ዙሪያ ነው። ያ ሽፋን ሙቀት አያሳልፍም፤ ጌጁ መካከል ላይ ሆኖ እንኳ ብረቱ ከሥሩ ይግላል። ከዚያም በላይ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ውሃ ዝገት የሚከላከለውን የኩላንቱን ፎስፌት ከካልሲየም ጋር አጣብቆ ያዘቅጠዋል፣ መከላከያው ሥራ ሳይጀምር ያልቃል ማለት ነው።

የተጣራ ውሃ የሚገኘው ከባትሪ ውሃ ሻጮች ነው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል። ጽሑፉን አንብቡ፣ ካልተማመናችሁ ጠብታ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ጣሉ፤ ከፈላ አሲድ ነው፣ አርቁት።

የተጣራ ካልተገኘ ቀጣዩ የክረምት ዝናብ ነው፤ ጣራው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ፣ በንጹህ ፕላስቲክ የተጠራቀመ፣ በነጠላ የተጣራ። ያም ከሌለ የቧንቧውን ውሃ 10 ደቂቃ አፍልታችሁ አስተኙና የላዩን ብቻ ቅዱ፤ ባይካርቦኔቱ ግርጌ ይቀራል። ክሎራይዱና ሰልፌቱ ግን በመፍላት አይወጣም፣ ስለዚህ ይኼ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ኩላንቱ መሥራቱን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የፒኤች (አሲድነት መለኪያ) ወረቀት፦ አዲስ ኩላንት እንደ ዓይነቱ ከ7.5 እስከ 11 ባለው ውስጥ ነው፤ ግላይኮሉ በሙቀት ሲያረጅ ወደ አሲድ ስለሚቀየር ይወርዳል። 7 ከደረሰ ቀኑን አትጠብቁ፣ ይፍሰስ። ሌላው ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ነው። ሞተሩ በርዶ፣ ጥቁሩን ሽቦ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ራዲያተሩ ብረት ሳይነካ ኩላንቱ ውስጥ። ከ0.3 ቮልት በታች ጥሩ፣ 0.5 ካለፈ መከላከያው አልቋል። መብራት ሲበራ ወይም ስታርተር ሲመታ ቁጥሩ ከዘለለ ግን ጥፋቱ የኩላንቱ አይደለም፤ ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው የኔጋቲቭ ሽቦ ዝጎ ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል እያለፈ ነው። ሽቦውን ፈትታችሁ ሁለቱንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። በድሮ መኪና ይኼ ሽቦ ጭራሽ የጠፋበት ብዙ ነው።

አሰብ_መንገድ፦

ታበዛላችሁ። ከደሴ አሰብ ሲመላለሱ የነበሩት የድሮ ካሚዮኖች የወንዝ ውሃ እየተጨመረላቸው ነው የኖሩት። ቴርሞስታት ማውለቅም ለኛ አገር ሙቀት ተብሎ የመጣ ነው፣ ቆላ ለሚወርድ ያስፈልገዋል።

ወልድያ_መስመር፦

ጋሼ አሰብ፣ በአክብሮት ነው። የእነዚያ ካሚዮኖች ብዙዎቹ ቴስታታቸውም ብሎካቸውም ብረት ነበር፣ የውሃ መንገዳቸው ሰፊ፣ ራዲያተራቸው ወፍራም። ዝገት ሲበላቸው ቶሎ አያሳይም፤ ደግሞም ሞተራቸው በየጊዜው እየወረደ ካሚቻ (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ልባስ) ይቀየርላቸው ነበር። አሉሚኒየም ቴስታታ ያንን ዕድል አይሰጥም።

ቴርሞስታቱን በተመለከተ፦ ይመለስ። ያለሱ ሞተሩ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ሳይሞቅ ይሄዳል። ዘይቱ ውስጥ የገባው የውሃ እንፋሎት አይተንም፣ ከዘይቱ ጋር ተላቁጦ ሊጥ ይሆናል፣ ነዳጁም ይበዛል። ሥራው ደግሞ ማሞቅ ብቻ አይደለም። ብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር ሲከፍት የባይፓሱን (ውሃው ራዲያተር ሳይገባ የሚመለስበትን መንገድ) ቀዳዳ ከታች ይዘጋል። ሲወልቅ ባይፓሱ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ያ ደግሞ ዳገት ላይ ነው የሚታየው። ቆላ ለሚወርድም ቢሆን ለቶዮታው 82 ዲግሪው በቂ ነው።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ሞክረው፣ ግን ደሴ ላይ አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ 82 ላይ መክፈት ይጀምራል፣ 95 ላይ 8 ሚሊ ሜትር ከፍቶ ይጨርሳል ይልሃል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። 95 በጭራሽ አትደርስም። ስለዚህ በድስት ውስጥ «ሙሉ አልከፈተም» ብለህ ደህናውን ቴርሞስታት አትጣል፤ 82 ላይ መነሳቱንና ሲበርድ ጥብቅ ብሎ መዝጋቱን ተመልከት። ሲገጠም ሰሙ (ሲሞቅ ቫልቩን የሚከፍተው) ያለበት በኩል ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ካለችው ወደ ላይ።

ይኸው ከፍታ ነው የራዲያተር ክዳኑን ትልቅ ዕቃ የሚያደርገው፤ ማንም ግን አያየውም። ክዳኑ ላይ 0.9 ተጽፏል። ያንን ግፊት ከያዘ ተራ ውሃ እንኳ ደሴ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፣ ግማሽ ኩላንት ሲሆን ወደ 120 ይጠጋል። ጎማው ደርቆ ግፊት ካልያዘ ግን ቴርሞስታቱ በተከፈተ በ10 ዲግሪ ውስጥ ትፈላለህ። ሐረጎ አናት ላይ የሚፈሉት ብዙ መኪኖች የደከመው ክዳናቸው ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ለቴስታታ ገንዘብ እየፈለገ ነው። የክዳኑን ጎማ በጥፍር ጫን፤ ከተሰነጠቀ ወይም ቀለበቱ ተቆርጦ ከገባ ቀይር። መካከል ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ስትሳብ ተከፍታ በራሷ መመለስ አለባት። ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ማኒኮቶ ተጨምቆ ተጣብቆ ካገኘኸው እሷ ናት የተያዘችው። 0.9ን በ1.1 ልቀይር እንዳትል፣ ያረጀው ብየዳ አይችለውም።

ዲኤክስ_ደሴ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ራዲያተሩን አውርጄ ልስጥ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ አየር እንዴት ነው የሚወጣው? የሚወጣውንስ አሮጌ ውሃ የት ልድፋው? ደግሞ የብሎኩ መፍሰሻ ብሎን አልፈታ ብሏል፣ መፍቻው እየሸሸ ነው።

ገራዶ77፦

አየሩ፦ ደሴ ዳገት አይጠፋም፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቁማት፣ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም ከፍ እንዲል። ሂተሩ ሙቅ ላይ፣ በቀስታ ሙላ፣ እየሞላህ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጅህ ጨመቅ ለቀቅ አድርግ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሳ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ማኒኮቶው በአንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ጨምረህ ክደን። በማግስቱ ጠዋት በብርዱ ክፈትና ሙላ፤ ሪዘርቩን (ከራዲያተሩ ጎን ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ) ከ«ፉል» መስመር አታሳልፈው። ጌጁ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ አየር ቀርቷል፣ ድገመው። አንድ ጊዜ በሙቀት ከጎደለ ደግሞ መንገድ ላይ በሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አትድፋበት፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ።

የመጀመሪያው ሙሌት 2 ዓመት አይቆይም። ያልወጣው ዝገት መከላከያውን ስለሚጨርሰው በ6 ወር ገደማ አንዴ አፍስሰህ ቀይር፣ ከዚያ በኋላ ነው የ2 ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው።

አወጋገዱ፦ ተራው የዛገ ውሃ ብዙ ጉዳት የለውም። ከአሁን በኋላ የሚወጣው ኩላንት ግን መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ከብት ይልሰዋል፣ ልጅም እንዲሁ። ቦርከና ወንዝ ውስጥም ቦይ ውስጥም አይደፋ። በክዳን ጀሪካን ይታሸግ፣ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት፣ ከተቃጠለ ዘይት ጋርም አይቀላቀል።

ራዲያተር_ኮምቦልቻ፦

ብሎኑን በሚሸሽ መፍቻ አትታገለው፣ ራሱን ክብ ታደርገዋለህ። ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ዝገት ፈቺ ዘይት ረጭተህ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ድገመው። ክፍት መፍቻ ሳይሆን የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚይዝ ባለ 6 ማዕዘን የሶኬት መፍቻ ተጠቀም። ከመፍታትህ በፊት ብሎኑን በመዶሻ ፊት ለፊት ሁለት ሦስቴ ደለቅ አድርገው፣ ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ወደ መፍታት እያልክ አወዛውዘው። ካልሆነ ብሎኩ ሞቅ ሲል ሞክር፣ ግን እጅና ፊትህን ከፊቱ አርቅ፣ የሚወጣው ፈልቶ ነው። ሲመለስ የመዳብ ዋሸሩን ቀይር፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አንድ ዙር ተኩል ይበቃል።